በልዩ ልዩ ሥር የተያዘው ማስጠንቀቂያ

አደጋ ከደረሰ በኋላ ቀድሞ ያላወቀ ሰው አይገኝም። ታዝባችሁ እንደሆነ፣ ቤት በተቃጠለ ማግስት ጭሱ ከሳምንት በፊት የሸተተው ጎረቤት ይበዛል። አንዱ አህያዬ ያን ለት አልራመድ ብላኝ ነበር ይላል፤ ሌላው በሕልሙ አይቶታል። መርማሪ መጥቶ «ካወቅህ ለምን ዝም አልህ?» ሲል ደግሞ ያ ሁሉ አዋቂ ባንድ አፍታ ደንቆሮ ይሆናል። ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። ያስተማረችኝ ከወገዳ ወዲያ ያለች፣ ስሟን ልጥራ ስል ምላሴን የሚመረኝ አንዲት የገበያ ከተማ ናት።

በደርግ ጊዜ ነው። መምህር ሆኜ እዚያ ተመድቤ ሳለ፣ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ የከተማዋ ኮሚቴ ጸሐፊ ተደረግሁ። አንድ ሐሙስ ጋሼ እንድሪስ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ጨርቅ ጭነው ሲመለሱ፣ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ።

«መምህር፣ መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ተቀላቀሉኝ» አሉ። «ሚሊሺያው ቅዳሜ ገበያ የት ነው የሚቀመጥ? ስንት ነው? እያሉ ይጠይቃሉ። ስንለያይ አንዱ ‹ቅዳሜ ከቤትህ አትውጣ› አለኝ። እኔ ጨርቄን አልዘረጋም። አንተ ለአለቆችህ ንገር።»

ነገርሁ። ሊቀመንበሩ «ነገ ስብሰባ አለ፤ በልዩ ልዩ ያዘው» አለኝ። ልዩ ልዩን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን አደላድሎ መነሻውን የሚጠባበቅበት የመጨረሻው አጀንዳ ነው።

ዓርብ ተሰበሰብን። አንደኛው አጀንዳ፣ ከአውራጃ ለሚመጡ እንግዶች የሚቆመው የእንጨት በር ቀይ ብቻ ይቀባ ወይስ ቢጫ ይታከልበት የሚል ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ተከራከሩ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የነገው ገበያ ጉዳይ ይቅደም።»

«አጀንዳ አይሰበርም፣ ጓድ። ደሞም የነጋዴ ወሬ ነው።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«ምነው፣ ያ ዩኒቨርሲቲ የስብሰባ ሥርዓት አላስተማረህም?» ብሎ አሳቀብኝ።

ቢጫው ታከለ። ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ መሽቷል ተባለና «ነጋዴው እንድሪስ ስለ ቅዳሜ ገበያ የሰጡት ማስጠንቀቂያ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ።

ቅዳሜ ቦምቡ እህል ተራ መሀል ፈነዳ። ስለ ሞቱት እዚህ አልጽፍም፤ እነሱን የጨዋታ ማጣፈጫ ማድረግ ነውር ነው።

ያን ዕለት ማታ ኮሚቴው በሙሉ አዋቂ ነበር። ሊቀመንበሩ «ዓርብ ዕለት ለአውራጃ በስልክ አስጠንቅቄ ነበር» አለ። የአውራጃው የጸጥታ ሹም መጥቶ «የደወለልኝ የለም፤ እንዲያውም ከወር በፊት ተጠንቀቁ ብለን የጻፍን እኛ ነን» አለ። ሊቀመንበሩ «አልደረሰንም» አለ። ማንኛቸው እንደዋሸ ዛሬም አላውቅም፤ ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም። ሲውል ሲያድር ግን ማወቅ እንደሚያስጠይቅ ገባቸው። ስልኩም ደብዳቤውም ተረሱ። በከተማዋ ቀድሞ ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«ካላወቀ ቅዳሜን ለምን ከቤቱ ዋለ?» ብለው ጋሼ እንድሪስን አሰሯቸው።

ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ይዞልኝ መጣ። «ይችን የልዩ ልዩዋን ነገር ትተህ በንጹሕ ገልብጠው» አለኝ። እንቢ አልሁ። ጀግና ስለሆንሁ አይደለም፤ ሰውየው መናገራቸውን የሚመሰክርላቸው ያ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ገለበጠው። ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ነው፤ ግን ታመነ። እሳቸው «እያወቁ ባለመናገር»፣ እኔ ደግሞ «ተናግረዋል የሚል አሉባልታ በመንዛት» ተከሰን ባንድ ክፍል ታሰርን። ጋሼ እንድሪስ በሁለተኛው ክረምት እዚያው በተስቦ ሞቱ። እኔ ወጣሁ።

በወጣሁ በወሩ፣ ንፋስ መውጫ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በሹመት ላይ ሹመት የደረበው ሊቀመንበር አቅፎ ሳመኝ።

«ወይ አንተ ላይ የደረሰ በደል! ንጹሕ ሰው ነው ብዬ ያኔውኑ ተናግሬ ነበርኮ። የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ!»

«ለማን ተናገርህ?»

«ለሚመለከተው ክፍል ነዋ!»

«ስለ ጋሼ እንድሪስስ?»

አሰበ። ግንባሩን እያሸ፣ ከልቡ አሰበ።

«የቱ እንድሪስ?» አለኝ።