ለፀሐይ ያልደረሰው ሰሌዳ

ፀሐይ ከአብዮቱ በፊትም ትወጣ ነበር። ይህን የካደ የለም። ጉድለቷ ያለ ዕቅድ መውጣቷ ነው። ማንም እየተነሣ ልብሱን ያሰጣባት፣ ቡናውን ያደርቅባት ነበር፤ በዓመት ስንት ጊዜ ወጥታ ምን ላይ እንደዋለች ግን ለሚመለከተው ክፍል ሪፖርት ያቀረበ አልነበረም። ይህን የዘመናት ስሕተት ለማረም ታሪክ የመረጠው በሚዛንና በቴፒ መካከል ያለችውን የኛን ትንሽ ከተማ ነው። እኔ የከተማው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ ሁሉም በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ከዚህ በታች የምለው በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1977 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ከድር የሚባል የስልጤ ሰው ከማጂ በኩል በጭነት መኪና ወደ ከተማችን ገባ። እዚያ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ለነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሁለት ዓመት ግምጃ ቤታቸውን ጠብቆላቸዋል። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ እንደ መስኮት የሰፋ፣ ፊቱ መስተዋት የሆነ ሰሌዳ ሸለሙት። ስሙ ሶላር ነው። ፀሐይ ላይ ያስቀመጡት እንደሆነ የመኪና ባትሪ ይሞላል፤ በተሞላው ባትሪ ደግሞ ሬዲዮም አምፖልም ይሠራል።

የከተማችን ጀነሬተር ናፍጣ ሲያገኝ ለሁለት ሰዓት ያህል ያጉረመርማል። ናፍጣ የሚያገኘው በበዓል ነው። የሬዲዮ ድንጋይም ከገበያ ስለጠፋ፣ ሰው ሁሉ ያለቀውን ድንጋይ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አስጥቶ ነፍስ ሲዘራ ይጠቀምበታል። ለዜናው ይበቃል፤ ዜናውን ተከትሎ ለሚመጣው ሐተታ ግን አይበቃም። በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከድር ባትሪ መሙያ ቤት ሊከፍት አሰበ። ሚስቱ ዙሌይካ የጆሮ ጌጧን ሸጣ ገበያው ዳር ላለች አንዲት ክፍል የስድስት ወር ኪራይ ከፈለች። ከመስከረም ጀምሮ ቡና ለቃሚው ሬዲዮውን በትከሻው አንግቶ ይጎርፋል፤ ሱቁ እስከዚያ ከተከፈተ ባልና ሚስቱ እንጀራ አገኙ ማለት ነው። ካልተከፈተ ወቅቱም ኪራዩም ያልፋል፣ እነሱም ወደ አገራቸው ተመልሰው የወንድሙ ጥገኛ ይሆናሉ። የቀረው ነገር ፈቃድ ብቻ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ኮሚቴያችን ነው።

ሊቀመንበራችን ጓድ ወልደጻድቅ የቡና ችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ናቸው። ፀሐይን በሚመለከት በአካባቢው የሚስተካከላቸው ባለሙያ የለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ፀሐይን ሲከላከሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ማመልከቻውን አንብበው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

“ጓድ ከድር፣ ለመሆኑ ፀሐይ የማን ናት?”

“የአላህ።”

ሁሉም ወደ መዝገቤ ዞሩ። እኔን አሳዘነኝና “የሰፊው ሕዝብ ናት ሲሉ መለሱ” ብዬ ጻፍኩለት።

“ይህ ሰሌዳ የተሠራው የት ነው?” አሉ ሊቀመንበሩ።

“አውሮፓ ነው ብለውኛል።”

“አውሮፓ ፀሐይ አለ?”

“አለ... ትንሽ ትንሽ።”

“ይኸውላችሁ!” ብለው ጠረጴዛውን መቱት። “በጉም ውስጥ ያደገ ፍጡር ነው። አሁን ድንገት አውጥተህ ጣሪያ ላይ ብታሰጣው ምን ይሆናል?”

“ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ምግቡ እኮ ፀሐይ ነው!”

“ምግቡማ ይሁን። ለጨቅላ ሕፃን ቁርጥ ታበላለህ?”

እኛ በሊቀመንበሩ አርቆ አሳቢነት ተደነቅን። በቡና አገር ለጋ ነገር ድንገት ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ችግኝ መጀመሪያ ዳስ ይሠራለታል፣ ቀጥሎ ዳሱ በየጊዜው እየሳሳ ፀሐዩን ይለማመዳል፣ ሲጠነክር ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ቡናን የሚያህል ነገር በዚህ ሥርዓት ካደገ አንድ ሰሌዳ ከቡና ምኑ ይበልጣል? ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ችግኝ ጣቢያው እንዲገባ፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እንዲጠጣ፣ ቁመቱ በየወሩ እንዲለካና ፈቃዱ ሰሌዳው ሲጠነክር እንዲታይ ተወሰነ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አሉ ሊቀመንበሩ ሲዘጉ፤ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።” አጨበጨብን። ከድርም አጨበጨበ፤ አለማጨብጨብ ሌላ አጀንዳ ያስከፍት ነበር።

ሰሌዳው በኮባ ቅጠል የተከደነ ወፍራም ዳስ ተሠራለትና ከችግኞቹ መካከል መደብ ተሰጠው። ተንከባካቢው ሽማግሌው አትክልተኛ ጋሽ በላይነህ ሆኑ። መመሪያን እንደሳቸው የሚያከብር ሰው አላየሁም፤ ሐምሌ ላይ ሰማዩ እንደተቀደደ ሲያወርደው በአንድ እጃቸው ዣንጥላ፣ በአንድ እጃቸው ማጠጫ ይዘው ሰሌዳውን ያጠጡት ነበር።

አንድ ቀን ብቻ ቅሬታ አቀረቡ። “ጌታዬ፣ ይኼ ነገር ውኃውን አይጠጣም። ያንሸራትተዋል።”

“እንግዳ ስለሆነ አፍሮ ነው” አሉ ሊቀመንበሩ። “ይለምዳል።”

በዚያ ክረምት አርባ ሺህ ከተፈላው የቡና ችግኝ ግማሹ በበሽታ አለቀ። ከሰሌዳ ግን አንድ ተተክሎ አንድ ጸደቀ፤ መቶ በመቶ። ሪፖርታችን ወደ ላይ ሄዶ የምስጋና ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ።

ከድር ዓርብ ዓርብ ከሶላት ሲመለስ አጥሩ ጋ ይቆማል። “ጋሽ በላይነህ፣ እንዴት ነው?” ይላል። “ይመስገን ልጄ፣ አልጠወለገም” ይሉታል። እውነቱን ልናገርና፣ እጁን አጥሩ ላይ ጥሎ ያንን ከቅጠል ሥር የተኛ ሰሌዳ ሲያይ ሆዴ ይባባ ነበር። ጥፋተኛ መሆናችንንም አውቅ ነበር። ነገር ግን ሆድ መባባት በቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ዓምድ የለውም።

ዙሌይካ ግን አጥር ላይ አልቆመችም። የሚበላ ሲያጥር እዚያው ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኝነት ተቀጠረችና ላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላት ጀመረች። አፈሩን እየሞላች ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። መመሪያውን ከለጠፍነው ወዲህ ያነበበው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ሊቀመንበሩ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ገምጋሚ ቡድን ከላይ እንደሚመጣ ሲያበሥሩን፣ ዙሌይካ እጇ አፈር እንደሆነ ስብሰባው ላይ ገባች።

“ጓዶች፣ ጥቆማ አለኝ። ሰሌዳው ቀጭጯል።”

“ምን ማለትሽ ነው?” አሉ ሊቀመንበሩ።

“መዝገቡ ይነበብ።”

አነበብኩ። “ሚያዝያ፣ አንድ ሜትር ከሃያ። ግንቦት፣ አንድ ሜትር ከሃያ። ሰኔ፣ አንድ ሜትር ከሃያ። ሐምሌ፣ እንዲሁ። ነሐሴ፣ አንድ ሜትር ከአሥራ ዘጠኝ።”

“አንዷ ሴንቲሜትር የት ገባች?” ሲሉ ሊቀመንበሩ ጮኹ።

“ያን ዕለት መነጽሬን ረስቼ ነው” አሉ ጋሽ በላይነህ እየተርበተበቱ።

“በአራት ወር ውስጥ ያላደገ ችግኝ ምን ይደረግ ይላል መመሪያው?” አለች ዙሌይካ።

መመሪያውን የጻፉት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው። “ተነቅሎ... ከአጥር ውጭ ይጣላል” አሉ ቀስ ብለው።

“ለምን?”

“በሌላው እንዳይጋባ።”

“እንግዲህ ገምጋሚዎቹ መጥተው ሲለኩት ማን አቀጨጨው ማለታቸው አይቀርም። እኔ ላስቲክ ሞይ ነኝ፣ አልጠየቅም። ለእናንተ ብዬ ነው።”

ሊቀመንበሩ እኔን አዩ። እኔ ጋሽ በላይነህን አየሁ። ጋሽ በላይነህ ማጠጫውን አዩ። ከዚያ በኋላ የተወሰነውን ያህል በፍጥነት የተወሰነ ነገር በኮሚቴያችን ታሪክ የለም፤ ውኃ እንኳ ሳንጠጣ ሰሌዳው ተወገደ። አራት ሆነን ወደ አጥሩ ተሸከምነው።

“ቀስ አድርጋችሁ ጣሉት” አለች ዙሌይካ። “ሌላው ችግኝ እንዳይደነግጥ።”

ከአጥሩ ማዶ ከድር ጋቢውን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። አጋጣሚ ነው።

ፈቃዱን በሚመለከት በዚያው ስብሰባ ተወያየንበት። ሰሌዳው በቃለ ጉባኤ ስለተወገደ የለም፤ ለሌለ ነገር ደግሞ ፈቃድ መስጠት በሥልጣን ያለአግባብ መጠቀም ነው። ስለዚህ ከድር ያለ ፈቃድ የሌለውን ሰሌዳ ጣሪያው ላይ አወጣው። በመስከረም የመጀመሪያው ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች፤ ባትሪ የተሸከመው ሰልፍ ገበያውን አልፎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ፣ ሐተታውንም ጨምሮ ያወራ ነበር።

መስከረም ሁለት ገምጋሚዎቹ መጡ። ሊቀመንበሩ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ሊጀምሩ ድምፅ ማጉያውን ቢያነሡት ትንፍሽ አላለም፤ ድንጋዩ አልቋል። ሕዝቡም የከድር ሬዲዮ ወደሚሰማበት ዞረ። የቡድኑ መሪ ቀና ሲሉ ጣሪያው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አዩ።

“ያ ምንድነው?”

ከድር ሱቁ ደጃፍ ላይ ደርቆ ቀረ። ጓድ ወልደጻድቅ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ “ከኛ ችግኝ ጣቢያ የወጣ ነው፣ ጓድ” አሉ።

ይህ እውነት ነው። በየት በኩል እንደወጣ አልተጠየቁም።

“ግሩም ነው! ስንት አወጣችሁ?”

“ለጊዜው አንድ።”

“ለሚመጣው ዓመትስ?”

ሊቀመንበሩ ሃያ ዓመት ሲመልሱት የኖሩትን ቁጥር መለሱ። “አርባ ሺህ።”

ጭብጨባው አቧራ አስነሣ። በሳምንቱ “የሰሌዳውን ዘር በአስቸኳይ እንድታቀርቡ” የሚል ደብዳቤ ለከድር ጻፍኩ። ዙሌይካ እዚያው ባንኮኒው ላይ በደብዳቤው ጀርባ “ሲያብብ እናሳውቃለን” ብላ መለሰች፤ መልሱ በጥሩ ጅምርነት ተመዘገበ። ሊቀመንበሩም ቅዳሜ ቅዳሜ ባትሪያቸውን አስሸክመው ይመጡና፣ አበባው ወጥቶ እንደሆነ አንዴ ወደ ጣሪያው አይተው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ለአርባ ሺሁ ሰሌዳ የሚሆነው መደብ ከወዲሁ ተቆፍሮ ተዘጋጅቷል፤ ዳሱም ተሠርቷል። ጋሽ በላይነህ ጠዋትና ማታ ያጠጡታል። እስካሁን አንድም የጠወለገ የለም።