አረንጓዴዋ «ተንፍሱ»

ምስጋና ከባድ ነገር ነው። ወቀሳ ሲሆን አንደበታችን ይፈታል፤ ውለታ የዋለልንን ሰው ማመስገን ሲመጣ ግን እጃችንን የምናደርግበት እንኳ ይጠፋናል። መቼም እርስዎም ሳይደርስብዎ አይቀርም። ሱዳን ውስጥ እንዳለው እንደ ቱነይድባ ባለ የስደተኞች መጠለያ ደግሞ ይብሳል። ራሱ በሸራ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ለሚሸኘው ወዳጁ ምን ይሰጣል?

አዋላጃችን ሲት ነዋል ወደ ከሰላ ልትዛወር ነው ሲባል የጨነቀን ይኸው ነበር። ሱዳናዊት ናት፤ «ሲት» በእነሱ ወግ እመቤት እንደ ማለት ነው። ክረምት ገብቶ ጥቁሩ አፈር መኪና ሲውጥ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በጭቃው ውስጥ እየዳከረች ትመጣልናለች። ጎረቤታችን አልጋነሽ መንታዎቿን በሰላም የተገላገለችው መንገዱ ተቆርጦ ሆስፒታል መድረስ ባልተቻለበት በዚያ ሰሞን ነው። እናም ያዋለደቻቸው እናቶች መከሩና በሽኝቷ ዕለት ሊዘፍኑላት ተስማሙ። አልጋነሽ መሪ፣ እኔ አሠልጣኝ። ጎንደር ሳለሁ ሙዚቃ አስተምር ነበርና።

ኖታውን በላፕቶፔ አሳምሬ ጽፌ ባሳያቸው፣ አልጋነሽ ትንሽ አየችውና ሽቦ ላይ የተሰለፈ ጉንዳን ይመስላል አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ቀለም ገባሁበት፤ ቀጭኑን ድምፅ ቀይ፣ ወፍራሙን ሰማያዊ አደረግሁ። ከዚያ ከኖታው በላይ ማብራሪያ ጨመርሁ፤ «እዚህ ከፍ»፣ «እዚህ ዝግ በሉ» እያልሁ። ማስረዳት አንዴ ከጀመሩት ማቆሚያ የለውም፤ መጨረሻ ላይ የገጹ አናት ሞላብኝና ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ከኖታው ሥር፣ ከግጥሙ መስመር ላይ በአረንጓዴ ጻፍሁት።

ወረቀቱ ገዳሪፍ ከተማ በቀለም ታትሞ የደረሰው የሽኝቱ እንግዶች ከተቀመጡ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የግጥም አንጓዎች ሴቶቹ በቃላቸው ተወጧቸው። ሦስተኛው ዘግይቶ የተገጠመ ስለሆነ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀረቀሩ። «ልጆቻችን አድገው ስምሽን ይጥሩ» ብለው ወረዱና፣ ዜማውን ሳይስቱ፣ ባንድ ድምፅ ቀጠሉ፤

«እዚህ ላይ ተንፍሱ!»

አቁሙ ለማለት እጄን ባወናጭፍ ጮክ በሉ ያልኋቸው መሰላቸው። ጮክ ብለው ደገሙት።

ሲት ነዋል አማርኛ አትችልም። እስከዚያች ሰዓት በጨዋ ደንብ ፈገግ ብላ ታዳምጥ ነበር። አሁን ብድግ አለች። ለካስ የምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አሉ፤ በምጥ ከተያዙ ሴቶች አጠገብ የተማረቻቸው። ጣቷን ወደ ዘፋኞቹ ነቀነቀች።

«ላ፣ ላ» አለች በዐረብኛዋ፣ እንዲያ አይደለም ስትል፤ «ተንፍሺ!»

እያንዳንዷ ሴት ያን ድምፅ የሰማችበትን ሌሊት ያስታወሰች ይመስለኛል። አልጋነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ከዚያ ዜማውን ራሷ አነሣችው፤ «እዚህ ላይ ተንፍሺ።» ሌሎቹ ተቀበሏት። ሲት ነዋልም እያለቀሰች አብራ ዘፈነች።

መኪና ልትሳፈር ስትል ጠጋ አልሁና፣ ያቺ አረንጓዴ ቃል የግጥሙ አካል እንዳልነበረች፣ ለዘፋኞቹ የተጻፈች ማሳሰቢያ እንደሆነች በተሰባበረ ዐረብኛዬ አስረዳት ጀመር። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ገብቶኛል፣ ኡስታዝ» አለችኝ።

ዘፈኑ ዛሬም ልጅ በተወለደ ቁጥር በየሸራው ይዘፈናል። እኔ ብዙ የተጨነቅሁባቸውን ስንኞች የሚያስታውሳቸው የለም፤ ያቺን ግን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃታል። ቅር አላለኝም። እኔ አስቤ እንዲህ ያለ ምስጋና ከየት አመጣ ነበር?