በኩር ያልሆነ፣ የሚያበስል፣ የማይጠጣ

[ናምዎን ከተማ፣ የጋብቻ አገናኝ ቢሮ። አገናኙ ፒልዶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ባለጉዳይዋ እትዬ ጆምሬ አጠገቡ ቆመዋል።]

ፒልዶ፦ የለም አልኩዎት እኮ እትዬ! ማሽኑ የለም ካለ የለም ነው።

ጆምሬ፦ አገር ሙሉ ወንድ መዝግበህ አንድ ጠፋ?

ፒልዶ፦ የሚያበስል አለ። የማይጠጣ አለ። በኩር ያልሆነም አለ። ሦስቱንም በአንዴ ስለው ግን ባዶ!

ጆምሬ፦ በኩርማ አይሆንም። የቅድመ አያት ተዝካር ሁሉ የሚወድቀው በበኩር ልጅ ሚስት ላይ ነው፤ እኔ ስደግስ ወገቤ ተቆረጠ። ልጄ ታች ቆማለች፤ ዛሬ ካልተገኘ ሁለተኛ የባል ነገር አታንሱብኝ ብላለች።

ፒልዶ፦ እሺ፣ «ከሦስቱ አንዱን ያሟላ» ልበለው። [ይጫናል] ይኸው ጎረፉ! የመጀመሪያው ግሩም አብሳይ ነው።

ጆምሬ፦ ይጠጣል?

ፒልዶ፦ ሶጁ አረቄ... ሲያበስል ብቻ።

ጆምሬ፦ መቼ መቼ ያበስላል?

ፒልዶ፦ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ።

ጆምሬ፦ በሞትኩት! ሁለተኛውስ?

ፒልዶ፦ ጠብታ አይቀምስም። ሐኪም ከልክሎታል፤ ሰማንያ አልፎታል።

ጆምሬ፦ ቆይ፣ ቅድም ለምን ባዶ አለህ?

ፒልዶ፦ [በኩራት] ይኼ ለእርስዎ ይከብዳል። መዝገቡ ላይ «እገሌ ያበስላል» አንድ መስመር፣ «እገሌ አይጠጣም» ሌላ መስመር ነው። ማሽኑ ሦስቱንም የያዘ አንድ መስመር ይፈልጋል።

ጆምሬ፦ እንዲህ ያለ መስመር አለ?

ፒልዶ፦ ኧረ እትዬ! አንድ መስመር የሚይዘው አንድ ጠባይ ብቻ ነው አልኩ እኮ!

ጆምሬ፦ ታዲያ የሌለ ነገር ነው ስትፈልግ የዋልከው? እኔ ልጄን የምድረው ለሰው ነው፣ ለመስመር?

ፒልዶ፦ [ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ] እሱን ልነግርዎት ነበር። መስመሮቹን በየሰዉ ሰብስቤ፣ ሦስቱም የሞሉለትን... [ይጫናል] አንድ ወጣ!

ጆምሬ፦ ተመስገን! ማነው?

ፒልዶ፦ ባለፈው ወር... እኔው ራሴ ድሬዋለሁ።

[በሩ ይከፈታል። አንድ ጎልማሳ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል።]

ፒልዶ፦ ልጄ ነው፣ አይጨነቁ። እስቲ በሌላ መንገድ ልሞክረው...

ጆምሬ፦ [ቋጠሮውን ፈትተው ይቀምሳሉ] ማን ሠራው የኔ ልጅ? [ጎልማሳው ወደ ራሱ ያመለክታል] ትጠጣለህ? [በእጁ እንቢ ይላል] በኩር ነህ? [ሁለት ጣት ያሳያል] ሚስትስ? [የለኝም በሚል አንገቱን ይደፋል]

ፒልዶ፦ ኧረ እትዬ፣ እሱ አይሆንም! ማሽኑ ውስጥ የለም፣ አልመዘገብኩትም!

ጆምሬ፦ [የጎልማሳውን ክንድ ይዘው እየወጡ] አውቃለሁ። የተረፈልን ለዚያ አይደል?