ሂዳማሪ፦ ከመዘጋቱ እስከ መከፈቱ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ወሰደኝና አንድ ነገር አየሁ። እንዳይረሳኝ አሁኑኑ ልናገረው።

አስናቀ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በወረዳ መዝገብ ቤት ሠርቼ ባለፈው ጥር ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ረድኤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት፤ የድሮ ጌም ትወዳለች። ምሳ ላይ ስለ አንድ የጃፓን ጌም ሠሪ ድርጅት አወራችልን። ስሙ ሂዳማሪ ነው፤ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው አለች። ዘጠኝ ጌም ሠርቶ ተዘጋ። ሠራተኞቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

"ፋይላቸው ማን ጋ ነው?" አልኳት።

"ማንም ጋ የለም አባዬ። ጠፍቷል።"

እኔ ደግሞ ፋይል ጠፋ ሲባል እህል አይወርድልኝም። ከገበታው ተነሥቼ ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ።

በሕልሜ አንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ ውስጥ ነበርኩ። ሂዳማሪ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ እዚያ ለመድረስ አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወረድኩ። ይህ ምንም አልገረመኝም። በሩ ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌና አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት እያለቀሱ ጠረጴዛ ወደ ውጭ ያወጣሉ። ሰውዬው ኩራሞቺ ይባላሉ፤ ፕሮግራሙን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ሴትዮዋ ቶሚዬ ናቸው፤ ሥዕሉን የሚሥሉት እሳቸው። ሁለቱም አማርኛ ይናገራሉ፤ ያውም የመንዝ አማርኛ።

"እንኳን በደህና መጡ አቶ አስናቀ" አሉ ኩራሞቺ ጠረጴዛውን ሳያስቀምጡ። "ዛሬ የመጀመሪያ ቀናችን ነው። ድርጅቱን እየዘጋን ነው።"

"በመዝጋት ነው የምትጀምሩት?"

"ታዲያ በምን ይጀመራል?" አሉ ቶሚዬ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ።

ከዚያ ፋይል አሸከሙኝ። የጤፍ ኩንታል ያህል ይከብዳል። ከፈት ሳደርገው እያንዳንዱ ቀን በእርሳስ ተጽፎ አልቋል። መጻፊያ ስጠይቃቸው ላጲስ ሰጡኝ። በዚያ አገር የመዝገብ ቤት ሥራ ማጥፋት ነው ለካ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር የዚያን ቀን ገጽ አጠፋለሁ፤ ወረቀቱ ንጹሕ ሲሆን ቀኑ በትክክል ተመዘገበ ይባላል።

ተቆጣጣሪዬ ዔሊ ነበር። በፍጥነቱ የተፈራ ነው። ከበሩ እስከ ጠረጴዛዬ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ሠራተኞቹ ግን ግድግዳውን ተጠግተው "ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይገጫሉ" ይሉታል።

በማግስቱ የወጡት ጠረጴዛዎች ተመለሱ። ሌሎች ሠራተኞችም መጡ። ቀኑ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። እኔ ባለሁበት ስቆይ እነሱ ግን ወደ ልጅነት ሄዱ። የኩራሞቺ ሽበት ጠቆረ፤ የቶሚዬ ወገብ ቀና። መጀመሪያ የሠሩት ጌም ተራራም ባሕርም ሺህ ዓይነት ቀለምም ነበረው። ከዚያ በኋላ በየጌሙ አንድ ነገር እየቀነሱ ሄዱ። ተራራውን አነሡ፣ ዛፉን አነሡ፣ የሰዎቹን ፊት አነሡ። አንድ ነገር በተነሣ ቁጥር ያጨበጭባሉ።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት የጌም ካሴት በጨርቅ ጠቅልለው መጡ።

"አሸነፍኩት" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ኩራሞቺ ከወገቡ ጎንበስ አለ። "ጥፋቱ የእኛ ነው እማማ። ሁለተኛ አይደገምም።"

ሌላ ካሴት አወጣላቸውና እስኪሸነፉ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠ። ባልቴቷ እየሳቁ ወጡ። ማታ ያንን ገጽ ሳጠፋ እጄ ከበደኝ፤ ቢሆንም አጠፋሁት። ሥራ ነው።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን ጌም ሠሩ። ጥቁር የቴሌቪዥን መስኮት ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ከዚያም ትመለሳለች። ሌላ ምንም የለውም። ሦስት ቀን ተቀምጠው አዩዋት።

"ከዚህ የተሻለ አንሠራም" አለች ቶሚዬ።

ሌሎቹ ሠራተኞች ተራ በተራ እጃቸውን እየጨበጡ "አላውቃችሁም፤ ደህና ሁኑ" እያሉ ሄዱ። ኩራሞቺና ቶሚዬ ብቻ ቀሩ። ሁለቱም ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ የተማሪ ቦርሳ ይዘዋል።

ፋይሉ ውስጥ አንድ ገጽ ቀርታለች። እንዲህ ትላለች፦ "አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይዘንብ ነበር። ኩራሞቺ ጃንጥላ አልያዘም። ቶሚዬ የራሷን ዘርግታ፣ ና ጠጋ በል አለችው።"

መጥተው ፊቴ ቆሙ።

"ጋሼ" አለች ቶሚዬ፤ አሁን በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። "ይቺ ገጽ ስትጠፋ እኛ ምን እንሆናለን?"

"አትተዋወቁም።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላ ገጽ የለም።"

ኩራሞቺ ገጿን ጎንበስ ብሎ አያት። አልተቆጣም። "ይህን ሁሉ ዓመት አብረን የሠራነው እዚህ ለመድረስ ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ደንብ ነው" አልኩት። ይቺን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ተናግሬያታለሁ፤ ያን ቀን ግን አፌን መረረችኝ። ላጲሱን አንሥቼ ወረቀቱ ላይ አስጠጋሁት። "ይዘንብ ነበር" የሚለው ጋ እጄ ቆመ። ላጲሱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

"መጣ" አለች ቶሚዬ። ዔሊው ከጠዋት ጀምሮ ሲገሰግስ ቆይቶ ጠረጴዛዬ ሥር ደርሷል።

"የመጨረሻዋ ገጽ ጠፋች?" አለኝ።

"ላጲስ አልቋል" አልኩት።

"መቼ ይመጣል?"

"ጠይቀናል። ነገ ይመለሱ።"

"ነገ በስንት ሰዓት?"

"ኃላፊው ሲገባ።"

"ኃላፊው የት ሄዶ ነው?"

"ስብሰባ ላይ ነው።"

ዔሊው አንገቱን ዘርግቶ አየኝ። ይህንኑ መልስ የሰጠኋቸው ሰዎች ዓይኔ ላይ መጡብኝ። የልጃቸውን ልደት ሊያስመዘግቡ ሕፃን አዝለው የመጡ እናቶች፣ ከገጠር ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው የደረሱ አባወራዎች። እነዚያ ሁሉ ዞረው ወጥተዋል። ዔሊውም ዞሮ ወደ በሩ መንገድ ጀመረ።

"እግዜር ይስጥልን ጋሼ" አለች ቶሚዬ።

ነገ ተመለሱ ብዬ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነበር። ኩራሞቺ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሦስታችን ሆነን ዔሊው ሲሄድ ማየት ያዝን። እስከ በሩ ግማሽ ቀን አለው፤ ነገ ደግሞ ለመምጣት ግማሽ ቀን። ውጭ ዝናቡ ከባሕሩ ተነሥቶ ወደ ሰማይ መዝነብ ጀመረ። ቶሚዬ ጃንጥላዋን አውጥታ ገልብጣ ዘረጋችው።

"ና ጠጋ በል" አለችው።

ሊጠጋ ብድግ ሲል አንድ እጅ ትከሻዬን ነቀነቀኝ። ባለቤቴ የሺመቤት ናት።

"ተነሥ፤ እንግዳ መጥቶብሃል።"

ሳሎኑ በር ላይ ሐረገወይን ቆማለች፤ ጡረታ ስወጣ ወንበሬን የተረከበችው ልጅ ናት። እጇ ላይ ማኅተም ያለው ፖስታ ይዛለች።

"እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ" አለችኝ፤ ግን ዓይኔን አላየችም።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ከጥር ጡረታዬ ወዲህ ያለውን የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬን በአጥጋቢ ሁኔታ ስለፈጸምኩ ከዛሬ ጀምሮ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት በቋሚነት መቀጠሬን ይገልጻል። ፊርማው አልደረቀም። ሐረገወይን የርክክብ ደብተሩን ዘረጋችልኝ፤ ፈረምኩ።

"ምንድን ነው?" አለች የሺመቤት ከኋላዬ።

"ተቀጠርኩ" አልኳት።