ጫማዬን ያወለቅሁ ዕለት

በዚች አገር ሁለት እግር ያለው ሁሉ የእግር ሐኪም ነው! አንድ እግር ያለው ደግሞ ሞኝ... ሌላውን አላማም፣ ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ቡሬ ላይ የጭነት መኪና እግሬን ከጉልበቴ በታች ከወሰደው በኋላ አዲስ አበባ ወርጄ የእንጨት እግር አስገጠምሁ። መራመድ የምታለማምደኝ ሲስተር ቁጣዋ ለብቻው ነው። "በሁለቱም እኩል ይቁሙ እንጂ! በደህናው ብቻ አይንጠልጠሉ! ማታ ሲያወልቁት ቆዳዎን ይዩት። ጉልበትዎ ሥር ትራስ እንዳያደርጉ፣ እንደታጠፈ ይቀራል!" ስትሸኘኝ ደግሞ "እግሩ የተለካው ከነጫማው ተረከዝ ነው፤ ያለ ጫማ እንዳይቆሙበት" አለችኝ። "እሺ እሺ" አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ፍኖተ ሰላም ቤቴ ስገባ ሐኪሞቼ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። አንዱ "ቅቤ ቀባው"፣ አንዱ "ጉልበትህን በትራስ ደገፍ አርገው"... ጎረቤት ሁሉ ትራሱን ታቅፎ መጣ። አንተ ብትሆን ትመልሳለህ? እኔም አልመለስሁ! እንደ ባላባት ተደግፌ ሰነበትሁና ጉልበቴ አልዘረጋም አለ። በሆዴ እየተኛሁ፣ እያቃሰትሁ በስንት መከራ አቀናሁት። ከዚህ ወዲያ ሰውዬው ይማራል ትላለህ? አታውቀኝም!

ማንኩሳ ያለው ወዳጄ ደመላሽ ወንድ ልጅ ወለደ። "ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ" ብሎኛል፣ ገና ሚስቱ ሳትወልድ። የሚስቱ አጎት አያ ቢተው ግን "በግንድ የቆመ ሰው ልጅ ይዞ ቢወድቅስ?" እያሉ አገር አዳረሱ። ደመላሽም ማመንታት ጀመረ።

"ቀጥ ብዬ ካልቆምሁ ለሳቸው ስጥ!" ብዬ ፎከርሁ። ፉከራ መቼም እግር አይጠይቅ!

ቀኑ ደረሰ። ክርስትና ቤቱ በር ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን ሲያወልቅ አያ ቢተው የኔን ጫማ በዓይናቸው በሉት።

"እንግዲህ ከእግዜር ቤት በጫማ ሊገባ ነው..." አሉ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው።

እኔ ልታማ? አወለቅኋ! የእንጨቱን እግር ጫማም ጭምር!

ልጁን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ተረከዝ የለ... የእንጨት እግሬ ወደ ኋላ ጋደል፣ እኔም አብሬው ጋደል... ዘፍ! የት ቢሆን ጥሩ ነው? ተራቸውን ሲጠብቁ ከኋላዬ የቆሙት አያ ቢተው እቅፍ ውስጥ! ሕፃኑ ቄሱ እጅ ላይ ዝም ብሏል፤ የጮህሁት እኔ ነኝ።

"ምን ነካህ?" አሉ ቄሱ።

"እግሩ... ያለ ጫማ አይቆምም፣ አባ።"

"ታዲያ ማን አውልቅ አለህ? አውልቅ የተባለ እግር ያለው ነው! እኔስ የመቋሚያዬን ጫፍ ብረቱን ነቅዬ ነው የምገባ?"

ጫማው ተጠራርጎ ተመለሰልኝ። ቆምሁ፣ በሁለቱም እኩል፣ ሲስተር እንዳለችው። ደመላሽ ግን ዓይኑ አንዴ እኔ ላይ፣ አንዴ አያ ቢተው ላይ ይንከራተታል።

አያ ቢተው ወገባቸውን እያሻሹ አጉረመረሙ።

"ለሱ ስጡት። እኔስ የዛሬ ድርሻዬን አንስቻለሁ... ጢም ያበቀለ የክርስትና ልጅ!"