ፕሮፌሰር መሃድና ደህናው ዓይን

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ አለ። የእኛን ማንም አልመረጠውም፤ ራሱ ነው እኛን የመረጠን። ድሬ አንቱታ አታበዛም፤ ፊት ለፊት ሁላችንም «አንተ» ነው የምንለው። እዚህ ግን በወግ በማዕረጋቸው ልጥራቸው፦ ክቡር ፕሮፌሰር መሃድ።

ፕሮፌሰሩ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ያስተምራሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፣ ለማሾፍ፤ እሳቸው የምር ተቀበሉት። ትምህርቱ ሁልጊዜ «አቦ፣ እኔን ስሙኝ!» ብሎ ይጀምራል። «ዘንድሮ ደቻቱ ወንዝ አይሞላም» ባሉ ማግስት ጎርፉ መጣ። «ጎርፉ ነው የተሳሳተው» አሉ። የጎረቤታችንን የዓደንን ባጃጅ ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ ሦስት ብሎን ተረፋቸው። «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» አሉ። «ተሳሳትኩ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

አምና የአራት ዓመቷ ልጄ ሲሃም ግራ ዓይኗ ሰነፈ። ሐኪሙ ደህናውን፣ ቀኙን፣ በየቀኑ ለሰዓታት እንድሸፍን አዘዘኝ። ጎረቤቴ በለጠች ጉድ አለች። «ደህና ዓይን የሚሸፍን ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» ብላ ፋሻውን ወደ ሰነፉ አዛወረችው። ደህናው ሲሸፈን ልጄ በሩን እየሳተች ስታለቅስ አይቼ ነበርና እኔም እንዳዛወረችው ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ፕሮፌሰሩ ድመታቸውን ታቅፈው ከች አሉ።

«አቦ፣ እኔን ስሙኝ!»

«ዛሬስ ተወኝ፣ መሃድ።»

ድመቷን አስቀምጠው በቀኟ በኩል ቁራጭ ሥጋ አሳዩዋት፤ ዘላ ያዘችው። በግራዋ አሳዩዋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ግራ ዓይኗ ግን እንደ ቀኙ የጠራ ነው።

«ገና ግልገል ሳለች ይሄኛው በዓይናር ተጣብቆ ነበር» አሉ። «ሚስቴ ሐኪም ጋ ውሰዳት አለችኝ። እኔ ተይው፣ በራሱ ይከፈታል አልኩ። ከወራት በኋላ ተከፈተ። ወላሂ፣ ዓይኑ ምንም አልሆነም! አንጎሏ ነው በዚያ በኩል ማየት ሳይማር ያደገው። አሁን ጊዜው አልፏል። የሲሃም አላለፈም፤ ደህናውን ሸፍኚው፣ ሰነፉ ይሥራ!»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ፋርቱን፣ እኔ ተሳስቼ ነበር።»

በለጠች አፏን ያዘች። እኔ ፋሻውን ወደ ቀኙ ዓይን መለስኩት።

ሲሃም «አዴር»፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ የምትላቸው ክቡርነታቸውም እሷ ብቻዋን እንዳታፍር ብለው በየከሰዓቱ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነው ሱቅ መዋል ጀመሩ። በእነዚያ ወራት ለደንበኛ ስለሸጡት የተሳሳተ ዕቃ አልናገርም።

ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ስንመለስ ሲሃም ፋሻዋን እንዳደረገች ቆም አለችና፣ በዚያ ሰነፍ በተባለው ዓይኗ መንገዱን አሻግራ አይታ ሳቀች።

«እማዬ፣ አዴር መሃድ ዛሬ ግራውን ነው የሸፈነው!»

እውነትም ግራውን ነበር።

«አቦ፣ እኔን ስሙኝ!» አሉ ከማዶ፣ ፋሻውን እየነካኩ። «ታይ እንደሆነ ልፈትናት ብዬ ነው!»

ውሸት ነው፤ ድመቷም ታውቃለች። እኔ ግን በመንገዱ መሐል እንባዬን እየጠረግኩ «ልክ ነህ፣ መሃድ» አልኳቸው።