ምስጥኛ የተፈተንኩ ዕለት

ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጋደም ከማለቴ ሸለብ አደረገኝና አንድ ጉደኛ ሕልም አየሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስቀድም። በእስልምና ጥናት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። አራት ዓመት የለፋሁት በአንድ የወሎ መንዙማ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዓረብኛ። የመጀመሪያ ገጹን ምስጥ ስለበላው ማን እንደደረሰው አይታወቅም። የዓረብኛውን ፈተና አልፌያለሁ። ደንቡ ግን አንድ የአውሮፓ ቋንቋም ይጠይቃል፤ ለእኔ የደረሰኝ ጀርመንኛ ነው። ነገ ካላለፍኩ ጥናቱ እዚያው ይቀራል። የመጽሐፉ ባለቤት ሼህ ሙሄ ደግሞ ዘጠና ዓመት ሞልቷቸዋል። «ልጄ፣ የማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዳልሞት» ብለውኛል።

በሕልሜ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስደርስ ፕሮፌሰሮቹ ተሰልፈው ተማሪ ይጠብቃሉ። አማካሪዬ ፕሮፌሰር አብዱልመናን ከሰልፉ ጭራ ሆነው ወረቀት ያውለበልቡልኛል።

«ከድጃ፣ እባክሽ! ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንዲት ፊርማ ብቻ!»

«ስብሰባ አለብኝ፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። እንዲህ ማለት ለካ እንዲህ ደስ ይላል!

ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ሰዎቹ መደርደሪያ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ መጻሕፍቱ ወንበር ይዘው ያነቧቸዋል። አንድ ቀጭን መጽሐፍ አንድን ወፍራም ሰውዬ አወረደና ገለጥ ገለጥ አደረገው። «መግቢያው በዛ» ብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

ከፈተናው አዳራሽ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ሼህ ሙሄ ጋቢያቸውን ተከናንበው በፈታኙ ወንበር ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ ትልቅ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት በላብ ተጠምቋል።

«‹አብሽር› በል እስቲ» አሉት።

«አፕ… አፕሹር።»

«ወሎ ላይ በዚህ አፍህ ሰው ልታጽናና ነው? ወድቀሃል። ለከርሞ ና!»

መዝገበ ቃላቱ ቃላቱን እያንጠባጠበ ወጣ። አንጀቴን በላው። ተከትዬ ጥቂቶቹን ለቃቀምኩለት፤ አንዳንዱ ቃል ግን ከርዝመቱ የተነሳ በሁለት እጅም አልያዝ አለኝ።

ስመለስ ሼሁ የሉም። በወንበራቸው ላይ መነጽር ያደረገ ምስጥ ጉብ ብሏል።

«የመጀመሪያውን ገጽ የበላሁት እኔ ነኝ» አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር። «ከነነጥቡ አስታውሰዋለሁ። የምነግርሽ ግን በምስጥኛ ነው። ሰርተፊኬት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ተፈተኚ።» የቋንቋውን ደንብ የያዘ ወረቀት ሰጠኝ። «አኝኪ!»

አኘክሁ። አንቀጽ ሦስት ደረቅ ነበር። አንቀጽ አራት ጭራሽ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ምስጡ ጉንጬ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠኝ።

«አነጋገርሽ የከተማ ነው» አለ። «ግን ያግባባል። አልፈሻል!»

ወረቀቱን እንደጎረስኩ እልል አልኩ። ሼህ ሙሄ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ አጠገቤ ቆመው እጄን ያዙኝ። ምስጡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የደራሲዋ ስም…»

«ደራሲዋ!» አሉ ሼሁ። «ሴት ናት እንዴ?»

ስልኬ ጮኸ። ነቃሁ።

የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ።

«ከድጃ፣ የጀርመንኛው ፈታኝ ወደ አገሩ ገባ አሉ።»

«ታዲያ ፈተናው ቀረ?»

«ኧረ አልቀረም! ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ መዝገቡን አገላበጠ። ጀርመንኛ ከሚል ቃል ጎን ያለው ስም ያንቺ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ፈተናውን አንቺ ታወጪያለሽ፤ አንቺው ታርሚያለሽ።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ! ሌላ ተፈታኝ የት አለና?»

«ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ!»

«ልምድ አለሽ ማለት ነው» አሉኝ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አደራሽን ልጄ፣ ጥያቄዎቹ ለተፈታኟ እንዳያፈተልኩ።»